ቀድመን ጮኸን፣ ኋላ ቀረን

ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቫ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ጉባዔ ፊት ቆሙ። አፋቸውን ከመክፈታቸው የኢጣሊያ ጋዜጠኞች አዳራሹን በፉጨትና በስድብ አናወጡት። ረባሾቹ ተገፍተው ወጡ፤ ንጉሠ ነገሥቱም በአማርኛ ንግግራቸውን ቀጠሉ። ከአውሮፕላን ስለሚወርድ ቦምብ፣ እንደ ዝናብ ስለሚረጭ መርዝ፣ ሰውና ከብት፣ ወንዝና ግጦሽ ሳይለይ ስለሚፈጅ ጦርነት ተናገሩ። ጉባዔው አዳመጠ። ከጥቂት ቀናት በኋላ በኢጣሊያ ላይ የተጣለው ማዕቀብ እንዲነሣ ወሰነና ተበተነ።

ይህን ታሪክ ስናነሣ ሁልጊዜ ዓለም እንደ ከዳን እንናገራለን። ከድቶናል። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ከዚያ ወዲህ ያለው የእኛ ታሪክ ነው። ከሰማይ የሚወርድ እሳት ምን እንደሚሠራ በገዛ ገላዋ ያየች፣ መሪዋም በዓለም አደባባይ ቆሞ የመሰከረላት አገር፣ ቀሪ ዘመኗን ሁሉ “ይህ ነገር ይከልከል” ብላ የምትሟገት ጠበቃ መሆን ነበረባት። ቁስሉ የራሷ፣ ምስክሩ የራሷ፣ የማትረሳው ንግግርም የራሷ ነበር። 90 ዓመት ገደማ ሆኖታል። የዚያን ምስክርነት ፍሬ አሳዩኝ ቢሉኝ የማሳየው የለኝም።

የምጽፈው ከየቡ ነው፤ ከጅማ ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ ካለችው የማና ወረዳ የቡና ከተማ። “አንተ የቡናህን ዋጋ ተከታተል፣ ከቦምብ ጋር ምን አገናኘህ?” የሚለኝ አይጠፋም። የሚያገናኘኝን ወረድ ብዬ እናገራለሁ።

መጀመሪያ ዓለም ያባከነውን ዕድል እንይ። በዓለም ላይ በጦርነት ከአውሮፕላን የተጣለው የመጀመሪያው ቦምብ ሊቢያ ላይ ነው የወደቀው፤ ጥቅምት 21 ቀን 1904 ዓ.ም.። ጣዩ ጁሊዮ ጋቮቲ የሚባል ኢጣሊያዊ አብራሪ ሲሆን፣ ቦምቡ ሁለት ኪሎ የማይሞላ፣ በእጅ የሚወረወር ነበር። ያን ጊዜ ነገሩ እንደ ጨዋታ ይታይ ነበር። ሃያ ዓመት ሳይሞላው የከተማ ሥጋት ሆነና በ1924 ዓ.ም. መንግሥታት ጄኔቫ ላይ የጦር መሣሪያ ቅነሳ ጉባዔ ተቀመጡ። በሐምሌ ወር ሲቪል ሕዝብን ከአየር መምታት ፈጽሞ እንዲከለከል በመርህ ደረጃ ተስማሙ። በተከታዩ ዓመት የእንግሊዝ መንግሥት የውል ረቂቅ ይዞ መጣ። ረቂቁ ከአየር ቦምብ መጣልን ሙሉ በሙሉ ያስቀርና አንዲት ቀዳዳ ይተዋል፦ ራቅ ባሉ አንዳንድ አካባቢዎች ለፖሊስ ሥራ ሲባል ካልሆነ በቀር።

ራቅ ያሉት አካባቢዎች የት ናቸው? እንግሊዝ በ1910ዎቹ ዓ.ም. ኢራቅ ውስጥ ጎሣዎችን በአውሮፕላን ትቀጣ ነበር። በ1912 ዓ.ም. ደግሞ በጎረቤታችን በሶማሌ ምድር የሰይድ ሙሐመድ አብዱሌ ሐሰንን ምሽጎች ከአየር ደብድባለች። ራቅ ያለ አካባቢ ማለት እኛንና እኛን የመሳሰሉትን ነው። ጉባዔው በዚህና በሌላ ጭቅጭቅ ተንጓትቶ ጀርመን ጥላው ስትወጣ ያለ ውጤት ቀረ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ኢጣሊያ መጣች።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አድዋ ተደበደበች። ኅዳር 26 ቀን ተራው የደሴ ሆነ። ንጉሠ ነገሥቱ በከተማዋ ነበሩ፤ ቀይ መስቀል በግልጽ የተሣለበት የአሜሪካ አድቬንቲስቶች ሆስፒታልም ተመታ። ታኅሣሥ 20 ቀን መልካ ዲዳ ላይ የስዊድን ቀይ መስቀል የጦር ሜዳ ሆስፒታል ከነድንኳኑና ከነበሽተኛው ጋየ። በሰሜን ግንባር በተራ ፈንጂ ላይ የሰናፍጭ ጋዝ ተጨመረበት። ኢጣሊያ ይህን ጋዝ መጠቀሟን የመከላከያ ሚኒስቴሯ በይፋ ያመነው እንኳ ከ60 ዓመት በኋላ፣ በ1988 ዓ.ም. ነው።

ነገሩ ወደ እኛ ሠፈር የሚጠጋው እዚህ ላይ ነው። በተከዜ ዳር ከአውሮፕላን የወረደ ፈሳሽ የወታደሮቻቸውን ቆዳ ሲልጠው በዓይናቸው ያዩት ልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ፣ አዲስ አበባ ከተያዘች በኋላ እንደራሴ ሆነው ጎሬ ገቡ። ከዚያ እየተዋጉ ወደ ደቡብ ወረዱ። ታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ዙሪያቸው ሲከበብ ጎጀብ ወንዝ ላይ እጃቸውን ሰጡ። ጎጀብ ከጅማ ወደ ቦንጋ ሲኬድ የሚሻገሩት ወንዝ ነው። ጣሊያን ጅማን የደቡብ ምዕራቡ ግዛቱ ዋና ከተማ አደረጋትና እስከ ሰኔ 1933 ዓ.ም. ተቀመጠባት። መንገዱን፣ የፈረንጅ አራዳን ፎቅ፣ አውሮፕላን ማረፊያውን እስከ ዛሬ “ጣሊያን የሠራው” እያልን እናሳያለን። ከዚያ ማረፊያ የተነሡት አውሮፕላኖች ምን ጭነው፣ የት እንደ ሄዱ ግን የሚጠይቅ የለም። ያን ዘመን በ10 ዓመት ዕድሜው ያየ ልጅ በሕይወት ቢኖር ዛሬ 100 ዓመት ገደማ ይሆነዋል። በየቡም፣ በአጋሮም፣ በሊሙም የነበሩት ሽማግሌዎች ያዩትን ይዘው አፈር ገብተዋል። ዩኒቨርሲቲ አጠገባችን ነበር፤ ቴፕ ሪከርደርም ነበር፤ የሚጠይቅ ሰው ጠፋ።

ራስ እምሩ ራሳቸው ከፖንዛ ደሴት እስር ተመልሰው እስከ 1972 ዓ.ም. ኖረዋል። በአየር ጦርነት ላይ እንደ እሳቸው ያለ ምስክር ከየት ይገኛል? “ካየሁት ከማስታውሰው” የተባለው የትዝታ መጽሐፋቸው ለንባብ የበቃው ግን በ2002 ዓ.ም. ነው። ከሞቱ 30 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

“የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም” እንላለን። እኛ ግን ተወግተን ረሳን።

ከድል በኋላ ዕድሉ በእጃችን ነበር። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት መሥራች ናት። የጦር ወንጀለኞችን ጉዳይ በተመለከተ የወረራው አዛዦች የነበሩትን ባዶሊዮንና ግራዚያኒን ጨምሮ የ10 ሰዎች ስም ለተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን አቀረበች። እንግሊዝ አልደገፈችም፤ ማንም ተላልፎ አልተሰጠም፤ ጉዳዩም ቀዘቀዘ። ካሳው በ1939 ዓ.ም. በፓሪሱ የሰላም ውል 25 ሚሊዮን ዶላር ተቆረጠ፤ በኋላ በድርድር ወደ 16 ሚሊዮን ወርዶ የቆቃ ግድብ ተሠራበት። መብራቱ መልካም ነው። ከተማ ላይ ቦምብ መጣል ወንጀል ነው የሚል ፍርድ ሳያገኝ፣ እንዲያ ያለ ፍርድ እንዲሰጥም ደጋግሞ ሳይጮህ ካሳውን ወስዶ ዝም ያለ ተበዳይ ግን ክሱን በገዛ እጁ ዘግቷል። አዲስ አበባ በ1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት መቀመጫ ስትሆን ያንን ክስ የአህጉሩ ሁሉ ክስ ማድረግ ይቻል ነበር። አልተደረገም።

ዝምታው ምን እንዳስከተለ ያየነው የራሳችን አየር ኃይል የራሳችንን ገበያ ሲመታ ነው። ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም. ረቡዕ፣ የትግራይዋ ሐውዜን የገበያ ቀን ነበር። የደርግ ሚግ አውሮፕላኖችና ሄሊኮፕተሮች ቀኑን ሙሉ እየተመላለሱ ገበያተኛውን ፈጁት። የሟቾቹን ቁጥር አንዳንዱ 1,800፣ አንዳንዱ 2,500 ያደርሰዋል። በ1982 ዓ.ም. ደግሞ ሻዕቢያ ምፅዋን ከያዘ በኋላ በከተማዋ ላይ ክላስተር ቦምብና ናፓልም ዘነበ። ጄኔቫ ላይ የከሰስነውን ነገር በገዛ ወገናችን ላይ አደረግነው። ከዚህ የበለጠ ውርደት አላውቅም።

አሁን የቡ ገበያ መሐል ቁሙልኝና ወደ ላይ ተመልከቱ። ጊዜው ኅዳር ነው፤ እሸት ቡና በጆንያ እየተጫነ ከየገጠሩ ይገባል። ሚዛኑ ዙሪያ ገበሬው ተሰብስቦ መዛኙን በዓይኑ ይጠብቃል፤ ነጋዴው ጀንፈሉን በመዳፉ ዘግኖ ይፈትሻል፤ ወዲያ ማር፣ ወዲህ በቆሎ፣ ልጅ ያዘለች እናት ሙዝ ዘርግታለች፤ ባጃጅና የፈረስ ጋሪ መንገዱን ዘግተው ይጨቃጨቃሉ። ቦምቡን እኛ ቡና በምንቆጥርበት በፈረሱላ ላስላላችሁ፤ አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። ዛሬ በጦርነቶች ውስጥ በብዛት ከሚጣሉት ትልልቅ ተራ ቦምቦች አንዱ የአሜሪካው ማርክ 84 ነው፤ 925 ኪሎ፣ ማለትም ወደ 54 ፈረሱላ ይመዝናል። ከዚያ ውስጥ 25 ፈረሱላው ፈንጂ ሲሆን፣ የቀረው በአብዛኛው ሲፈነዳ ተሰባብሮ እንደ ጥይት እንዲበር የታሰበ ብረት ነው። 15 ሜትር የሚሰፋ፣ 11 ሜትር የሚጠልቅ ጉድጓድ ይቆፍራል፤ ፍንጣሪው ከ300 ሜትር በላይ ርቆ ይገድላል። ከሚዛኑ ተነሥታችሁ 300 ሜትር በአራቱም ማዕዘን ቁጠሩ። የቡ ገበያ ውስጥ ከዚያ የሚተርፍ ማን አለ?

ይህ ደግሞ ትልቁ አይደለም። አሜሪካ ሚያዝያ 5 ቀን 2009 ዓ.ም. አፍጋኒስታን ናንጋርሃር ላይ የጣለችው “የቦምቦች ሁሉ እናት” የተባለው ቦምብ 9,800 ኪሎ ነበር። ሰኔ 15 ቀን 2017 ዓ.ም. በኢራን የኑክሌር ተቋማት ላይ የተጣሉት ምሽግ ሰርሳሪ ቦምቦች እያንዳንዳቸው 13,600 ኪሎ፣ ማለትም 800 ፈረሱላ ይመዝናሉ፤ በአንድ ሌሊት 14 ተጣሉ። ከጋቮቲ ሁለት ኪሎ ተነሥተን የደረስንበት ይህ ነው። አንዳቸውም ኑክሌር አይደሉም፤ “ተራ” የሚባሉት መሣሪያዎች ናቸው። ቃሉ ራሱ ሰውን ያዘናጋል፤ አቶሚክ ካልሆነ ሁሉም የሚፈቀድ ይመስላል።

ጭራሽ ሕግ የለም እያልኩ አይደለም። ሲቪሎችን ዒላማ ማድረግና ሳይለዩ መደብደብ በ1969 ዓ.ም. በወጡት የጄኔቫ ተጨማሪ ፕሮቶኮሎች ተከልክሏል፤ ኢትዮጵያም በ1986 ዓ.ም. ተቀብላቸዋለች። ችግሩ እዚያ ላይ ነው። “ዒላማዬ ወታደር ነበር” የሚል ቃል ሁልጊዜ ይገኛል፤ ያንን ማስተባበል የሟች ወገን ሸክም ይሆናል። ሰኔ 15 ቀን 2013 ዓ.ም. የትግራይዋ ቶጎጋ ገበያ ከአየር ተመታ። የሐውዜን ዕልቂት በሆነበት ዕለት፣ ልክ በ33ኛ ዓመቱ፣ ዳግመኛ በገበያ ቀን። ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ መከላከያው የመታሁት ታጣቂዎችን ነው አለ። ከዚያ ወዲህ የተሰማ ፍርድ የለም።

አስተማማኙ መንገድ መሣሪያውን ራሱን በስሙ መከልከል ነው። ያኔ ክርክሩ “ማንን አሰብክ?” መሆኑ ይቀርና “ይህን ይዘህ ተገኝተሃል ወይስ አልተገኘህም?” ይሆናል። ትልልቁን ቦምብ በዚህ መንገድ የሚከለክል ውል ገና የለም። ለክላስተር ቦምብ ግን ወጥቶለታል፤ ትልቁ ቁጭቴም ያለው እሱ ላይ ነው።

ክላስተር ቦምብ ማለት ሆዱ በትናንሽ ቦምቦች የተሞላ አንድ ትልቅ ቦምብ ነው። አየር ላይ ይከፈትና ልጆቹን እንደ ዘር ይበትናቸዋል። ያልፈነዱት እንደ ቆርቆሮ በየማሳውና በየደጁ ወድቀው ይቀመጣሉ፤ የሚያነሣቸው ልጅ ነው። ግንቦት 28 ቀን 1990 ዓ.ም. መቀሌ ላይ የሆነውን ትውልዴ ያስታውሳል። የኤርትራ አየር ኃይል የኢጣሊያ ሥሪት በሆኑ ኤርማኪ አውሮፕላኖች፣ በቺሊ የተሠራ ሲቢ 500 የተባለ ክላስተር ቦምብ አይደር ትምህርት ቤትና ሠፈሩ ላይ ጣለ። የተመቱትን ሊያነሣ የተሰበሰበው ሰው በሁለተኛው ዙር ተመታ። በዚያው ቀን የእኛም አውሮፕላኖች የአስመራን አውሮፕላን ማረፊያ ደብድበዋል። ሄግ ላይ የተቀመጠው የኤርትራና የኢትዮጵያ የካሳ ኮሚሽን በ1996 ዓ.ም. ኤርትራ ለአይደር ተጠያቂ ናት ሲል ወሰነ። በኢትዮጵያ ማስረጃ መሠረት የሞቱት 53፣ የቆሰሉት 185 ነበሩ፤ ከሟቾቹ 12ቱ ተማሪዎች። እንዲህ ያለ ፍርድ በእጁ የያዘ አገር በዓለም ላይ ስንት ይሆናል?

ግንቦት 22 ቀን 2000 ዓ.ም. ደብሊን ላይ ክላስተር ቦምብን መሥራት፣ ማከማቸት፣ መሸጥና መጠቀም የሚከለክል ስምምነት ጸደቀ። ኅዳር 24 ቀን 2001 ዓ.ም. ኦስሎ ላይ ለፊርማ ተከፈተ። ያን ቀን የኢትዮጵያ ልዑክ የአይደርን ፍርድ በግራ እጁ፣ የ1928ቱን ንግግር በቀኝ እጁ ይዞ ከሁሉ ቀድሞ ቢፈርም አዳራሹ በሙሉ ቆሞ ባጨበጨበ ነበር። ያኔ ከተሰማው ፉጨት የከበደ ጭብጨባ። ቦምቡ የተሠራባት ቺሊ ፈረመች፤ አጽድቃለችም። አውሮፕላኑን የሠራችው፣ እኛንም በ1928 የደበደበችው ኢጣሊያ ፈረመች፤ አጽድቃለችም። የተመታችው ኢትዮጵያ አልፈረመችም።

ምክንያቱ ምንድን ነው? “ጎረቤት ሳይፈርም እኛ ብቻ እጃችንን ለምን እናስራለን?” የሚል ክርክር ሰምቻለሁ። ሶማሊያና ደቡብ ሱዳን የስምምነቱ አባል ናቸው። ጅቡቲና ኬንያ ቢያንስ ፈርመዋል። ከእኛ ጋር ውጭ የቀሩት ኤርትራና ሱዳን ናቸው። “ጦርነት የማያጣው አገር መሣሪያ አይመርጥም” የሚሉም አሉ። የፀረ ሰው ፈንጂ መከልከያ ውልን ግን ኢትዮጵያ ኅዳር 24 ቀን 1990 ዓ.ም. ፈርማለች። ከኤርትራ ጋር ከተደረገው የድንበር ጦርነት በኋላ፣ ሁለቱ ሠራዊቶች ባድመ ላይ ፊት ለፊት እንደ ተፋጠጡ፣ በታኅሣሥ 1997 ዓ.ም. አጽድቃዋለች። አገር አልፈረሰም። መሬት ውስጥ የሚቀበረውን ማገድ ከቻልን ከሰማይ የሚወርደውን ማገድ ያቃተን በምን ምክንያት ነው? መልሱ ቸልታ ይመስለኛል። ቸልታው ደግሞ ከሽማግሌዎቻችን ቃል ጀምሮ ያለ ነው፤ ምስክርነታችንን እንደ ጌጥ ሰቀልነው እንጂ እንደ መሣሪያ አልያዝነውም።

የሚያስቆጨው ጊዜው እያለፈ መሆኑ ነው። በ2001 ዓ.ም. ዓለም ወደ መከልከል ያዘነበለ ነበር። ዛሬ ነፋሱ ዞሯል፤ በ2017 ዓ.ም. ሊቱዌኒያ ከስምምነቱ ወጣች፤ በዩክሬንም ጦርነት ክላስተር ቦምብ እንደ ልብ ተተኮሰ። ያኔ ብንፈርም ከመሪዎቹ አንዱ እንሆን ነበር። ዛሬ ብንቀላቀል የሚያጨበጭብልን ጥቂት ነው። ቢሆንም ከ110 በላይ አገሮች አሁንም ውስጥ ናቸው፤ በሩም አልተዘጋም። የሚያስፈልገው መንግሥት የመቀላቀል ውሳኔ ወስኖ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እንዲያቀርብ፣ ምክር ቤቱም በአዋጅ እንዲያጸድቅ፣ ሰነዱም ለተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ እንዲገባ ነው። ውሳኔው ራሱ ገንዘብ አይጠይቅም። የውጭ ብድር አይጠይቅም።

ስለዚህ የምለው ለሁለት ወገን ነው። በምክር ቤት የምትወክሉን፣ የጅማም፣ የመቀሌም፣ የደሴም ተመራጮች፦ ይህን ጥያቄ በስማችሁ አንሡ፤ ለምን እንዳልፈረምን መንግሥት በይፋ መልስ ይስጥ። አንባቢ ሆይ፣ አንተ ደግሞ ወላጅህ ወይም ጎረቤትህ የሐውዜንን፣ የምፅዋን፣ የአይደርን፣ የቶጎጋን ቀን ያየ ከሆነ ስልክህን አውጣና ቃሉን ቅዳ። የ1928ቱን ምስክሮች አጥተናል፤ የእነዚህኞቹ ግን ገና በሕይወት አሉ።

ኢትዮጵያ ይህ እስከተጻፈበት ቀን ድረስ የክላስተር ቦምብ ስምምነትን አልፈረመችም።